ስለ ፋብሪካ ሥራና ሥልጠና ጠይቁኝ

በአልባሳት ፋብሪካዎች የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ሥራ ከየት እንደሚመጣ፣ ኩባንያ መቼ እንደሚያሠለጥንና መቼ እንደማያሠለጥን የምታውቁትንም የምትጠራጠሩትንም ጠይቁ።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ የሀዋሳ ፓርክ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ሠራተኛው ሰነፈ ወይስ ምን ሆነ?

በሠራተኛው አታሳብ። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነገረው ቁጥር ሼዶቹ ሁሉ ሞልተው ኦርደር ሳይቋረጥ ሲሠሩ የሚደረስበት ነው። ኦርደሩ ደግሞ ያለው አሜሪካና አውሮፓ ነው። አሜሪካ በአንዳንድ የሰው ሠራሽ ክር ልብሶች ላይ እስከ 32 በመቶ ቀረጥ ትጥላለች፤ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ዕድል፣ በአጎዋ፣ ግን ከእኛ በነፃ ይገባ ነበር። ብዙ ባለሀብት እዚህ ማሽን የተከለው ይህን አስቦ ነው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የፓርኩ ትልቅ ስም የነበረው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች የሰሜኑን ጦርነት ምክንያት አድርጎ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ያኔ ላይን (የስፌት መስመር) ላይ የነበረችው ኦፕሬተር (የማሽን ሠራተኛ) ችሎታዋ ከትናንቱ አልቀነሰም፤ የጠፋው ገዢው ነው።

እህት አለኝ፦ እህቴ በጋርመንት (በልብስ ስፌት) ተመርቃ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲንም፣ አልፋለች። ፋብሪካ ግን ምንም ካልተማረችው እኩል በመነሻ ደመወዝ ቀጠራት። ለምን?

ኮሌጁ ሙሉ ልብስ መስፋት ያስተምራል። ፋብሪካው አንድ ሸሚዝ ለብዙ ሰው ከፋፍሎ፣ ለአንዷ ኮሌታ፣ ለሌላዋ ኪስ ሰጥቶ በሰዓት ስንት እንዳወጣች ይቆጥራል። የሚከፍለው ለፍጥነት ነው። ግን ዕውቀቷ ከንቱ አይደለም። ሦስትና አራት ዓይነት ማሽን የምትችል ሠራተኛ ሰው ሲቀር ላይኑን ታድናለች። ከሙከራ ጊዜው በኋላ የግሬድ (የሥራ ደረጃ) ፈተና ትጠይቅ፤ ዝም ካለች ማንም አያስታውሳትም።

ተጠራጣሪው፦ ባለሀብቶቹ «የሠለጠነ ሰው የለም» እያሉ ያማርራሉ፤ ታዲያ ለምን ራሳቸው በደንብ አያሠለጥኑም?

የስፌት ችሎታ ከሠራተኛዋ ጋር በር ወጥቶ ይሄዳል፤ ጎረቤት ፋብሪካ ትንሽ ጨምሮ ይወስዳታል። ስለዚህ አሠልጣኙ ወጪውን፣ ሌላው ጥቅሙን ያገኛል። ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር ይህን ከ60 ዓመት በፊት ጽፎታል። በእኛ አገር ደግሞ መልቀቁ የባሰ ነው፦ ተመራማሪዎቹ ብላትማንና ደርኮን አምስት ድርጅቶችን ይዘው ባደረጉት ጥናት ከተቀጠሩት ሲሶው ያህል በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመት ውስጥ ሥራውን ትተዋል።

እዚህ ላይ ግን ከቀድሞ አለቆቼ ጋር አልስማማም። በ2011 ዓ.ም. እንደነበረው በወር 26 ዶላር ገደማ መነሻ ከፍለህ፣ ከዚያ ላይ የቤት ኪራይና ምግብ ሲወጣ ምን ይቀራታል? አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ ለግሉ ዘርፍ ወለሉ ግን ለዓመታት ሳይወሰን ቆየ። ደመወዙ ያባረራትን ሠራተኛ «የፋብሪካ ባህል የላትም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቴክ ነኝ፦ ሮቦት ስፌቱን አይወስደውም?

ቆረጣውን ብዙ ቦታ ወስዶታል። የሚሸበሸብ ጨርቅ ይዞ መስፋት ግን ማሽንን አሁንም ያስቸግራል።

የ12ኛ ክፍል፦ ምን ልማር ይላሉ?

የማሽን ጥገናና ኤሌክትሪክ። ጋርመንቱ ቢዘጋ ዱቄት ፋብሪካም ቢራ ፋብሪካም ሞተር አለ። አንድ ገዢ ብቻ በሚፈልገው ሙያ ላይ ዕድሜህን አታስይዝ።

ከሪያድ፦ ወንድሜ፣ አገሬ ገብቼ አሥር ማሽን ገዝቼ ልጆች አሠልጥኜ ልሥራ ብዬ አስቤያለሁ።

ቅደም ተከተሉን ገልብጪው፣ እህቴ። ማሽን ገዝቶ ገበያ የሚፈልግ ሰው ልጆቹን ካሠለጠነ በኋላ የሚሰጣቸው ሥራ ያጣል። የተማሪ ዩኒፎርም ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ጥድፊያው ከመስከረም በፊት ነው፣ ከዚያ ወራት ይቀዘቅዛል። ለቀዝቃዛው ጊዜ የሆቴል ወይም የሆስፒታል የሥራ ልብስ ያስፈልግሻል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ ስለተወደደ፣ ቅድመ ክፍያ ሳትቀበዪ ዋጋ አትቁረጪ። የሁለት ትምህርት ቤት ውል ስትይዢ ተመልሰሽ ጠይቂኝ፤ ስንት ኦቨርሎክ (ጠርዝ መዝጊያ)፣ ስንት ሲንግል (ቀጥታ መስፊያ) ማሽን እንደሚበቃሽ ያኔ እናሰላለን።