የቀስት ሲዝኑ ሊያልቅ ነው፤ ክሮስቦው ልግዛ ወይስ በሪከርቬ ልጨርስ?

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ሜሪላንድ ነህ፣ የአጋዘን የቀስት ሲዝን ጃንዋሪ 31 ያልቃል፣ ከሴፕቴምበር ጀምረህ በሪከርቭ፣ ማለትም ጫፎቹ ወደ ፊት በታጠፉ በእጅ በሚገተር ቀስት፣ ግዳይ አልጣልክም። ጓደኞችህ «ክሮስቦው ግዛና ተገላገል» ይሉሃል፣ ክሮስቦው ማለት እንደ ጠመንጃ ቃታ ያለው ቀስት ነው። አንተም ግራ ገብቶህ «ለመሆኑ እናንተ ሲዝኔ አማረ የምትሉት ምን ሲሆን ነው?» ብለህ ጠየቅህ።

ክሮስቦው አትግዛ። ክሮስቦው ነውር ሆኖ አይደለም፣ ሕጉም ይፈቅደዋል። ግን ሲዝኑ ሊዘጋ ሲል እጅህ ያልለመደውን መሣሪያ ይዞ ጫካ መግባት ለእንስሳውም ለአንተም አይበጅም። ደግሞ ከጻፍከው እንደገባኝ ችግርህ ቀስቱ አይደለም፣ ቦታው ነው። አሁንም ኖቬምበር ላይ ትልቁ ወንድ ያለፈበት ዛፍ ስር ተጎልተሃል።

የኖቬምበር አጋዘንና የጃንዋሪ አጋዘን ለየቅል ናቸው። ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ወንዱ ስሪያ ይዞት ቀኑን ሙሉ ሴት ፍለጋ ይንከራተታል፣ የትም ብትቀመጥ ሊያልፍብህ ይችላል። ጃንዋሪ ላይ ግን ሁሉም ነገር ሆድ ነው። እንስሳው ጉልበቱን ይቆጥባል። ፀሐይ በሚያገኘው ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ጥሻ ውስጥ ተኝቶ ይውልና አመሻሽ ላይ ምግብ ፍለጋ ይወጣል። ምግቡም በብርድ ቅጠሉ የማይረግፈው ሃኒሳክል የሚባል ሐረግ፣ ከበረዶው ስር የቀረው የቀይ ኦክ ዛፍ ፍሬ፣ የተሰበሰበ በቆሎ ቃርሚያ፣ ጥቅምት አካባቢ የተዘራ ለጋ ስንዴ ነው። እነዚህን ፈልግ። የወንዱን ፋና ለሚቀጥለው ዓመት አቆየው።

ስንዴውን ስታገኝ ታዲያ ማሳው ዳር አትቀመጥ። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚፈቅድልህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፣ አጋዘኖቹ ደግሞ ሲተኮስባቸው የከረሙ ናቸውና ማሳው ላይ የሚደርሱት ከጨለመ በኋላ ነው። ወደ ጥሻው 70 ወይም 80 ያርድ ገባ በልና መንገዳቸው ላይ ጠብቃቸው። ሲመሽ ቀዝቃዛው አየር ወደ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ጠረንህም አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ከመንገዳቸው ዝቅ ብለህ ተቀመጥ።

በነገራችን ላይ ለእኛ ለጿሚዎቹ ይህ የመጨረሻ ሰሞን ከሁሉም የተመቸ ነው። የስሪያው ግርግር ገና ሳይበርድ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። የጠመንጃው ሲዝንም ከታንክስጊቪንግ ማግስት ቅዳሜ የሚከፈተው ጾሙ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የጣልከው ሥጋ ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። ከገና እስከ ጥር 23 (ጃንዋሪ 31) ያለው ግን በአብዛኛው ፍስክ ነው፣ ሁዳዴም ገና አልገባም። ትኩስ ትኩሱን ትበላለህ።

አሁን ስለ ቀስቱ። ቤትህ ጓሮ በቲሸርት የምትገትረው 50 ፓውንድ (ቀስቱን ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል ማለት ነው)፣ ሁለት ሰዓት ብርድ ላይ ከተቀመጥክ በኋላ 60 ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያንኑ ወፍራም ጃኬትህን ለብሰህ፣ ያንኑ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ተለማመድ። ገመዱ እጅጌህን ከነካ ፍላጻው የት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ፣ ክንድህ ላይ መከላከያውን ከጃኬቱ በላይ እሰረው። በሜሪላንድ ለአደን የሚፈቀደው ዝቅተኛው 30 ፓውንድ ነው፣ ስለዚህ ከከበደህ 45 ፓውንድ የሆነ ቀስት ብትይዝ ማንም አይስቅብህም። ከበድ ያለ ፍላጻና እንደ ምላጭ የተሳለ ጫፍ ይኑርህ እንጂ 45ቱ ለአጋዘን ይበቃል።

ርቀት ላይ ግን ድርቅ በል። ሂሳቡን ላሳይህ። የሪከርቭ ፍላጻ በሰከንድ 175 ጫማ አካባቢ ይሄዳል፣ የገመዱ ድምፅ ደግሞ 1,100 ጫማ። በ15 ያርድ ላይ ፍላጻህ ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ድምፁ ግን ወዲያው ነው የሚደርሰው። በ25 ያርድ ከ0.4 ሰከንድ በላይ ይሆናል። የጃንዋሪ አጋዘን ደግሞ ነርቭ ብቻ ናት። ድምፁን ስትሰማ ለመሮጥ እግሯን አጥፋ ዝቅ ትላለች፣ ያኔ ፍላጻህ በጀርባዋ ላይ ያልፋል ወይም ይባስ ብሎ አጉል ቦታ ያቆስላታል። እኔ ከ15 ያርድ በላይ አልወረውርም። ገመዱ ላይ ድምፅ የሚቀንስ ጸጉር እሰርበት፣ ዋጋው ምንም አይደል።

«ሲዝኔ አማረ የምትሉት» ላልከው ያለፈውን ዓመት ልንገርህ። ፍሬድሪክ ካውንቲ የአንድ ሽማግሌ እርሻ ነው፣ የጽሑፍ ፈቃዳቸው ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው። ስስ በረዶ ጥሏል። ሃኒሳክል የወረረው አሮጌ አጥር አጠገብ፣ የወደቀ ዛፍ ተደግፌ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሴቶቹ አጋዘኖች ተሰልፈው መጡ። ከፊት አሮጊቷ ናት፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ሆዷ ወረድ ያለ። ቆመችና በፊት እግሯ መሬቱን መታች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ የምትበላ መስላ ድንገት ቀና አለች። ይህን ሁለቴ ሦስቴ ታደርገዋለች፣ እንድትንቀሳቀስ ልታታልልህ ነው። ያን ጊዜ ቀስትህን ብትነካ አለቀልህ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ጅራቷን አንዴ ወዘወዘችና ወደ ሃኒሳክሉ ዞረች። የቅርቡ የፊት እግሯ ወደ ፊት ሲራመድ ከትከሻዋ ኋላ ያለው ቦታ ተከፈተ። ገተርኩ፣ አውራ ጣቴ መንጋጋዬን ነካ፣ ለቀቅኩ። 12 እርምጃ ነበር። ፍላጻው በወዲያ በኩል ወጥቶ በረዶው ላይ ተሰካ። ትንሽ ሮጣ ቆመች፣ ምን እንደነካት ያልገባት ይመስል ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችና ወደቀች።

ቀንድ የለም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የለም። ፎከርኩ ብልህ ውሸቴን ነው። ግን ከዚያ በፊት በኮምፓውንድ (በመዘውር በሚታገዝ) ቀስት ትልልቅ ቀንድ ያላቸውን ጥያለሁ፣ አንዱም እንደዚያች አሮጊት አላስደሰተኝም። በራሷ ጨዋታ ቀርባኝ፣ አታልላኝ፣ እኔም ጠብቄያት ነው። ለእኔ ያማረ ሲዝን ይህ ነው። ባትመጣም ኖሮ እዚያው አጥር ስር ሲዝኑን እዘጋው ነበር፣ ክሮስቦው ግን አልገዛም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጃንዋሪ ላይ ወንዶቹ ቀንዳቸውን መጣል ይጀምራሉ። ቀንድ የሌላት ሁሉ ሴት አይደለችም። ግንባሩን በደንብ እይ፣ ሰፋ ያለና ሁለት ጠባሳ ያለበት ከሆነ ወንድ ነው። ብቻውን የመጣ ትንሽዬም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ግልገል ነው፣ እለፈው። ጃንዋሪ ላይ የጠመንጃ ቀናት ስላሉም በእነዚያ ቀናት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ ግዴታ ነው።

ከወረወርክ በኋላ አትሩጥ። መጀመሪያ ፍላጻህን አንሳና እይ። አረፋ ያለው ሮዝማ ደም ከሆነ ሳንባ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጠቆር ያለ ደም ጉበት ነው፣ አራት ሰዓት ያህል ጠብቅ። አረንጓዴ ነገርና መጥፎ ሽታ ካለው ጨጓራ ነው፣ እስከ ጠዋት ተዋት። ብርዱ ሥጋውን ይጠብቅልሃል፣ የዚህ ሰሞን ሌላው ጥቅሙም ይኸው ነው። ከወደቀችበት ሳታንቀሳቅሳት ታግህን (የአደን መለያ ወረቀቱን) እሰርባት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አስመዝግብ።

ስለ መብላቱ ደግሞ ይህ ግሩፕ ላይ ሁልጊዜ ክርክር ይነሳል። በዘዳግም 14 ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ናቸው፣ እዚያ ላይ ችግር የለም። ጥያቄው ቢላው ነው። ነፍሷ ሳይወጣ ካልደረስክባት በክት ናት የሚሉ አሉ፣ ባለቤቴ ራሷ መጀመሪያ አካባቢ አልቀምስም ብላ ነበር። እኛ የንስሐ አባታችንን ጠይቀን ነው የጨረስነው፣ አንተም የአንተን ጠይቅ፣ እኔ ላይ አትንጠልጠል። እንዳይበላ ከተባልክ ወይም ከተረፈህ ፋርመርስ ኤንድ ሃንተርስ ፊዲንግ ዘ ሀንግሪ የሚባለው ድርጅት በተመረጡ ሥጋ ቤቶች በኩል ለተቸገሩ ያከፋፍለዋል፣ ማስበለቻውን አትከፍልም።

ጮማውን ግን ማርልኝ ብትለኝም አልምርልህም፣ ጠርገህ ጣለው። የአጋዘን ጮማ እንደ በሬው አይደለም፣ ሲቀዘቅዝ ላንቃህ ላይ ይጋገራል። ሽንጡን ለጥብስ አድርገው፣ ምጣዱ በጣም ይጋል፣ ቶሎ አውጣው፣ ሥጋው ደረቅ ስለሆነ ቅቤ አትሰስት። ታፋውን በአዋዜ ለውሰህ ቋንጣ አድርገው። ክትፎ ያማረህ እንደሆነ በሬ ግዛ። የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም፣ የተፈጨውን እስከ 160 ዲግሪ ፋራናይት አብስለው።

ቀስትህ ስንት ፓውንድ እንደሆነና የምታድንበት ቦታ አጠገብ ስንዴ ወይም በቆሎ እንዳለ ጻፍልኝ። ካርታውን በውስጥ ብትልክልኝ ቅዳሜ የት ብትቀመጥ እንደሚሻል አብረን እናያለን።