ብስኩቱ ኩፍ አልል ላለሽ እህቴ

ሰላም እህቴ። «የአሜሪካ ደቡቦችን ብስኩት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጠፍጣፋና ደረቅ ሆነብኝ። ቤኪንግ ፓውደር ብጨምርበት ጭራሽ መረረ» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔ ጆርጂያ ውስጥ አንድ ቁርስ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገብቼ መጀመሪያ የምጋግረው ይኼንኑ ነበር። ለማታውቁት፣ ከሻይ ጋር የምንበላው ጣፋጩ ብስኩት አይደለም። እርሾ የሌለው፣ ጨው ጨው የሚል፣ ስትከፍቱት ንብርብር የሆነ ትንሽ ዳቦ ነው።

እኔ የምጠረጥረው እጅሽን ነው። ዳቦ እያየን ስላደግን ሊጥ ስናገኝ ማሸት ይቀናናል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ልስልስ እስኪል አሸው ነበር። እዚያ የሚጋግሩ አንዲት አዛውንት እጄን ያዙና «በቃ፣ ልቀቂው» አሉኝ። ለዳቦ ጥሩ የሆነው ማሸት ለዚህ ጠር ነው። ሊጡ በታሸ ቁጥር ግሉተኑ (ሊጡን የሚያያይዘው የስንዴው ፕሮቲን) ይጠነክራል፣ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ ከዚያ ወደ ላይ አይነሳም። ሊጡ ተጎሳቁሎ፣ ያልተሠራ መስሎ ሲታይሽ በትክክል ሠርተሻል ማለት ነው።

ዱቄቱም ወሳኝ ነው። የደቡብ ሰዎች ለዳቦ የሚሆነውን ጠንካራ ዱቄት አይጠቀሙም። ኋይት ሊሊ የሚባለውን ይወዳሉ። በ1883 ቴነሲ ውስጥ ኖክስቪል የተጀመረ ነው፤ ከለስላሳ ስንዴ ስለሚፈጭ ፕሮቲኑ ዝቅተኛ ነው። ከረጢቱን ግን አንብቢ። «ሰልፍ ራይዚንግ» የሚል ከሆነ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው አብሮት አለ። አንቺ ደግመሽ ስትጨምሪ የመረረው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቅቤው። ሁለት ኩባያ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ካለሽ 113 ግራም የገበታ ቅቤ (አንዱ ስቲክ) ይበቃል። ፍሪዘር ውስጥ አድርቂውና በካሮት መፈቅፈቂያ ፈቅፍቀሽ ዱቄቱ ውስጥ በትኚው። እንዳይቀልጥ አደራ! ቅቤው ቀዝቅዞ ኦቨን ሲገባ በውስጡ ያለው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ ንብርብሩን ገፍቶ የሚያነሳው እሱ ነው። እጅሽ ላይ ከቀለጠ ግን ዱቄቱ ይጠጣውና የሚገፋ ነገር አይኖርም።

ከዚያ ቀዝቃዛ በተርሚልክ፣ ከአንድ ኩባያ ትንሽ ያነሰ፣ ጨምረሽ በማንኪያ ጥቂት ጊዜ ብቻ አዟዙሪው። በተርሚልክ የኛ አሬራ ዘመድ ነው፤ ሱቅ ያለው ወፈር ይላል እንጂ ኮምጣጣነቱ ያው ነው።

ሊጡን ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ ጠፍጠፍ አድርጊው። እንደ ደብዳቤ ሦስት ላይ አጣጥፊው። አዙረሽ ደግመሽ ጠፍጥፊ፣ አጣጥፊ። እንዲህ ሦስት አራት ጊዜ። ንብርብሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ይሁን። ብዙ ሰው ያሳሳዋል፤ ሲገባ ቀጭን የሆነ ሲወጣ ረጅም አይሆንም።

ስትቆርጪ በብርጭቆ አፍ እንዳይሆን። የብርጭቆው ጠርዝ ድፍን ስለሆነ የሊጡን ዳር ጨፍልቆ ያጣብቀዋል። ስለት ያለው ክብ መቁረጫ ወይ ቢላዋ ይሻላል። ቀጥ አድርገሽ ጫኚ፣ ቀጥ አድርገሽ አንሺ። አታጠማዝዢው።

መጥበሻው ላይ አራርቀሽ አትደርድሪ። ትከሻ ለትከሻ ይነካኩ፤ ወደ ጎን ቦታ ሲያጡ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ወጥ ቤትሽ ሞቃት ከሆነ ከመጋገርሽ በፊት ሩብ ሰዓት ፍሪዘር አስገቢያቸው። ኦቨኑ ቀድሞ 450 ፋራናይት ይሙቅ፤ በሴልሺየስ 230 ገደማ ነው። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃቸዋል።

ዛሬ ስትሞክሪ ከጎን በኩል ፎቶ አንሺልኝ። ንብርብሩን ካየሁ የቱ ጋ እንደሆነ እነግርሻለሁ።