ሬንጁን አትድገመው

ከደሴ፣ ከሆጤ አካባቢ አንድ ወንድሜ የጻፈልኝ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኳት በአውሮፓ አቆጣጠር የ1966 ቮልስ አለችኝ። አባቴ በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ከሥሯ ሬንጅ ያስቀባት ነበር። አሁን ከበሮቿ በታች ያለው ቀለም ውሃ እንደቋጠረ ቁስል አብጧል፤ ሲዘንብ የኋላ ምንጣፉ ይርሳል። አንድ ጋራዥ ላሜራ ደርበን፣ ስቱኮ መትተን፣ ሬንጅ ደግመን በሁለት ቀን እናስረክብሃለን አለኝ። ላሠራት?»

አታሠራት። ግን አብሽር፣ መኪናዋ አልሞተችም።

አባትህን አልወቅስም። እኔም ኮምቦልቻ ጋራዥ የገባሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬ ሬንጅ ማቅለጥ ነበር። ሬንጅ የጸዳና የደረቀ ብረት ላይ ቢቀባ ክፋት አልነበረውም፤ ግን ማን አጽድቶ ይቀባል? ጭቃው ላይ ነው የሚለጠፈው። ደሴ ደግሞ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሌሊት ሲበርድ ሬንጁ ይደርቃል፣ ጠጠር ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሬንጁን ከውስጥ እየገፋ ያስለቅቀዋል። ከላይ ስታየው ጥቁርና ሙሉ ነው፤ ከሥሩ ብረት የለም።

ፈረንጅ አገር በበረዶ ወራት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ የእነሱን መኪና የሚፈጀው በአብዛኛው እሱ ነው። የኛ መንገድ ጨው የለበትም። (ከባቲ ሰኞ ገበያ አሞሌ ሲያመላልስ የኖረ ፒክአፕ ግን አንድ ጊዜ በክሪክ አንስቼ ሻንሲውን ስነካው ጣቴ ወደ ውስጥ ገብቷል።) ያንተዋን የበላት ታፍኖ የተቀመጠ ውሃ ነው። ስለዚህ ሥራህ ውሃው የሚወጣበትን መክፈት ነው፤ መሸፈን ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከኋላ መቀመጫው ጀምር። አንሳው፤ በቀኝ በኩል ባትሪው አለ። ባትሪውን አውጥተህ ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ ምታው። ደህና ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ካርቶን ድፍን ይላል። ድፍን ያለውን በካቻቢቴው ጫፍ ጫን በለው፤ ከበሳ ያ ቦታ ተቆርጦ ይወጣል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየህ የባትሪ አሲድ ትቶት የሄደ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ አፍስስበት፤ መፍላቱን እስኪተው ድረስ ደጋግመህ እጠበው። ቀጥሎ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሮቹ በታች አስኪደው። የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው ያለው።

የምንጣፉን ውሃ ደግሞ ሰው ውስጥ አስቀምጠህ በኋላው መስታወት ዙሪያ ቀስ እያልክ ውሃ አፍስስ። ከገባ የደረቀው የመስታወት ጎማ ነው፤ ይቀየራል። ካልገባ ከኋላ ጎማው የሚረጨው ውሃ በወለሉ ቀዳዳ እየወጣ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር። በቮልስ ከሁለቱ በሮች ሥር የሚሄደው ሳጥን ሞቃት አየር ከሞተሩ ወደ ፊት የሚያልፍበት ብቻ አይደለም፤ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የያዘውም እሱ ነው። ያንተ ቀለም ያበጠው እዚያው ላይ ነው። በሩን ከፍተህ ከጎኗ በክሪክ ስታነሳት በሩ መግጠም ካቃተው ሳጥኑ አልቋል፤ ላሜራ ደርቦ ስቱኮ መምታት እዚያ ላይ ዋጋ የለውም። ባለሙያህ ሲቆርጠው መጀመሪያ የበሩን ክፈፍ ከፊት እስከ ኋላ በቧንቧ ብረት በይዶ ያስረው፣ በሜትር ይለካው፣ አንዱን ጎን ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሚሻገረው። ሁለቱን ባንድ ቀን የቆረጠ ሰው ወገቧን ሰበረው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሮቿ አይዘጉልህም።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ የቤንዚን ታንከሩ ከፊት ኮፈኑ ሥር ወጥቶ ራቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ብዙ ሰው የሚረሳው አለ፦ የቤንዚኑ ቧንቧ ወለሉን መሃል ለመሃል በሚሰነጥቀው ዋሻ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ከዋሻው አጠገብ እሳት የሚለኩስ ሰው ይህን ካላወቀ መኪናህን አትስጠው።

ሬንጁን ለመላጥ ጠዋት ተነሣ፤ ቀልድ አይደለም። በደሴ ብርድ ሬንጁ ጠጣር ሆኖ በመሮና በመዶሻ እንደ ቅርፊት ይነሣል፤ ከቀትር በኋላ እጅህ ላይ ይለጠፋል። የቀረውን በላምባ በራሰ ጨርቅ አጥፋው፣ በሳሙና እጠበው፣ አድርቀው። ዝገቱን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብሩህ ብረት እስኪታይ ፈትገው፤ ብሩሽ ያልደረሰበት ጉድጓድ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ቀባ። (ኮካ ኮላ ይህ አሲድ አለበት እያሉ መኪና የሚያጥቡ ልጆች አይቻለሁ፤ በጣም ቀጭን ነው፣ ጠጡት።) የተፈተገ ብረት የደሴ ጉም ውስጥ ካደረ ጠዋት ቀልቶ ታገኘዋለህ፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው) ይቀባ። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ባዶ ብረት ላይ ሳይሆን ፕራይመሩ ላይ፣ ስስ ሆኖ ነው የሚመታው። መገጣጠሚያዎቹን በማሸጊያ ድፈናቸው፤ ከዚያ ቀለም።

የተቃጠለ ዘይት ልርጭበት የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ባዶ ብረት ከመተው ይሻላል፤ ነገር ግን ከሞተር የወጣ አሲድ አለበት፣ ጎማ ነክ ዕቃዎችን ያሳብጣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ፍሬን ላይ ከደረሰ ደግሞ አደጋ ነው። ለተዘጉ ቦታዎች እኔ የምጠቀመው ሰም ነው። ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ገዝተህ ቀቅለህ አጣራው፤ የወጣውን ሰም ውሃ በፈላበት ድስት ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጠው፤ በቀጥታ እሳት ላይ አታድርገው። ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይቀልጣል። ለአንድ እጅ ሰም አራት እጅ አዲስ የሞተር ዘይት ጨምር። ከእሳቱ ርቀህ፣ ውጭ ላይ፣ በቀለም መርጫ ጠመንጃ የሚረጭ እስኪሆን በአኳራጅ አቅጥነው። በቀጭን ቱቦ የበሮቹ ውስጥ፣ የፓራፋንጎዎቹ መጋጠሚያ፣ የፊት ኮፈኑ እጥፋት ውስጥ እርጨው። ሞቃት አየር የሚያልፍበት ሳጥን ውስጥ ግን አታግባው፤ ሲሞቅ ሽታው ወዳንተ ይመጣል። እሱን ከመዘጋቱ በፊት ከውስጥ በኤፖክሲ አስቀባው።

ሰሙን ደሴ ላይ አትርጭ፤ ሳይሰርግ ይረጋብሃል። በአንድ ፀሐያማ ቀን ኮምቦልቻ ውረድ፤ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ሙቀቱ ሌላ ነው። ብረቱ በፀሐይ ይሙቅ፣ ከሰዓት በኋላ ርጭ፣ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ይደር። ጊዜውም አሁን ነው፤ በልጉ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ ያለችው የግንቦት ፀሐይ እንዳታመልጥህ። ብየዳው እስከዚያ ካልደረሰ ሬንጁን ብቻ ልጠህ፣ ፕራይመር ቀብተህ ክረምቱን አሳልፋት፤ ቆረጣው ለጥቅምት ይቆይ።

ከበሮቹ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈታቸው፣ ሰሙ ከደረቀ በኋላም ደግመህ እያቸው። ላስቲክ አታልብሳት፤ ከሥሩ ታልባለች። ሸራ ይሻላል፣ ጣሪያ ካለህ ደግሞ ምንም አታልብሳት። ሣር ላይም አታቁማት።

አንድ ነገር ለባለሙያህ አስቀድመህ ንገረው፦ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ ዋሻው ላይ ተመትቷል። እሱ ላይ ግራይንደር እንዳይደርስ፣ ፕራይመሩም ስስ ይሁን። ሥራው ሳይጀመር ፎቶ አንሥተህ ከሊብሬው ጋር አስቀምጠው።