የጤና ሠራተኛዋ ቤቴ ትምጣ ወይስ ትቅር?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ተመርምሬ ኤች አይ ቪ በደሜ እንደሚገኝ ተነገረኝ፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። አሁን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛዋ ቤቴ እየመጣች ልትጎበኘኝ ትፈልጋለች። ጎረቤት ያውቅብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ለባለቤቴም ገና አልነገርኩትም። ደግሞስ ምንም አላመመኝም፣ ከወለድኩ በኋላ መድኃኒቱን ባቆመውስ? ማጥባትስ እችላለሁ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ የሚከብደውን ጀምረሻል። ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ያለ ሕክምና ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ መድኃኒቱ በአግባቡ ሲወሰድ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

«ባቆመውስ?» ላልሽው፣ እባክሽ አታቁሚ። ድሮ የሲዲ4 (ቫይረሱ የሚያጠቃው የበሽታ ተከላካይ የደም ሕዋስ) ቁጥሯ ከፍ ያለ እናት ጡት ካስጣለች በኋላ መድኃኒቱን ታቋርጥ ነበር። ማላዊ በ2011 እ.ኤ.አ. የሲዲ4 መለኪያ ሳትጠብቅ ቫይረሱ ላለባቸው ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ሁሉ መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ መስጠት ጀመረች፤ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ለሁሉም አገሮች መከረ። ስታቆሚ ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፤ ልጅሽ ደግሞ ያኔም እየጠባ ነው።

ስለ ጉብኝቱ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ቤት ለቤትም ብዙ ዞሬያለሁ። እናቶች ከእጃችን የሚያመልጡት በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ ነው። አንዲት እናት በሰላም ወልዳ ሄደች፤ በቀጠሮዋ ግን ቀረች። ቤቷ ስንሄድ አማቷ አራስ ልትጠይቅ መጥታ እዚያው ሰንብታለች። ብልቃጡ በተነሣ ቁጥር ክኒኑ ይንኳኳል፤ እሷም ድምፁን ፈርታ መዋጥ ትታለች። አብራኝ የነበረችው ጤና ሠራተኛ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቀችበት፤ የመዋጫውን ሰዓትም ሕፃኑ ሌሊት ለመጥባት ወደሚነቃበት አዛወርነው። ከወራት በኋላ የቫይረሷ መጠን ሲለካ በጣም ወርዶ ነበር። ይህን ችግር በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ አንብቤ አላገኘውም ነበር።

ስለዚህ ትምጣ እልሻለሁ፤ ግን አንቺ በምትፈቅጅው መንገድ። አስቀድመሽ ጠይቂያት፦ መዝገቧ ላይ ምን ትጽፋለች? ማን ያየዋል? ሌሎች ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችንም የምትጎበኝ ከሆነ መምጣቷ አንቺን ለይቶ አያሳይም። ቤት ካልተመቸሽ በክትባት ቀን ተገናኙ። ምሥጢር የማትጠብቅ ሆና ካገኘሻት ሌላ ባለሙያ እንዲመደብልሽ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። የሰው ምሥጢር አውጥቶ እናትን ከመድኃኒቷ የሚያሸሽ ባለሙያ ያንገበግበኛል።

ለባለቤትሽ መንገር መልካም ነው፤ እሱም መመርመር አለበት። ዱላ ወይም መባረር የሚያሰጋሽ ከሆነ ግን ብቻሽን አትጋፈጪው፣ አስቀድመሽ ከአማካሪሽ ጋር ተወያዪ።

ማጥባት ትችያለሽ፣ አጥቢ። እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ፤ ውኃም ቢሆን አይጨመርበትም። ከዚያ ምግብ እያስለመድሽ፣ መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ፣ ቢያንስ እስከ ዓመቱ ቀጥዪ፤ እስከ ሁለት ዓመትም ይቻላል። ሕፃኑ እንደተወለደ ቫይረሱ እንዳይዘው የሚከላከል ኔቪራፒን የተባለ ሽሮፕ ይታዘዝለታል፤ ብዙውን ጊዜ ለስድስት ሳምንት ነው፣ ሐኪሙ ሊያራዝመው ይችላል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እንዴት እንደሚለካ ጤና ሠራተኛዋ ፊት አንቺው ራስሽ ሠርተሽ አሳዪ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ከተረከዙ ጥቂት የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ተወስዶ ይመረመራል። ውጤቱ ነጻ ቢሆንም ክትትሉ አያበቃም፤ ማጥባት እስካላቆምሽ ድረስ ምርመራው ይደገማል። በአሥራ ስምንት ወሩ የሚደረገውንም አትዝለይ፤ ከዚያ በፊት የአንቺ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነትሽ ቫይረሱን ለመከላከል የሠራው ንጥረ ነገር) በደሙ ስለሚቆይ፣ እሱን የሚፈልገው ተራው ምርመራ ያሳስታል።

መውለጃሽ ሲቃረብ ደግሞ የምታዘጋጂው ቦርሳ ውስጥ፣ ከሕፃኑ ልብስ ጋር፣ የሁለት ሳምንት ክኒንሽን ጨምሪ።