ወፍጮ ቤቱን የለመደች አህያ፦ ስለ ክፉ ሐሳብና ስለ አንጎል የተነሡ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ አልቆ ቡናው ሲቀርብ፣ አባላቱ «ዛሬ ሲስተርን እንጠይቃት» ብለው ያዙኝ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ ሐሳብ የበዛባቸውን ሰዎች ሳዳምጥ እውላለሁ። የተጠየቅሁትንና የመለስሁትን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። የጠያቂዎቹን ስም ትቻለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (አንድ መምህር)፦ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን ማሰብ አንጎልን ያበላሻል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አንድ ክፉ ሐሳብ መጥቶ ቢሄድ ምንም አያደርግዎትም፤ መርዝ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ያው ሐሳብ ወር ከወር ሲመላለስ ነው። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የባቄላ ፍሬ የምታህል ክፍል አለች። አደጋ ሲመጣ ደወል ትደውላለች፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ያመነጫሉ፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ጅብ ለመጣበት ሰው ይህ መዳኛው ነው። ነገር ግን አሚግዳላ በር ላይ የቆመውን ጅብ «ነገ ጅብ ቢመጣስ?» ከሚለው ሐሳብ አጥርታ አትለይም፤ ለሁለቱም ትደውላለች። ደወሉ ለወራት ሳያቋርጥ ሲቀር እንቅልፍ ይረበሻል፣ ትዝታን የሚያደራጀው ሂፖካምፐስም ይጎዳል። ለረጅም ጊዜ በድባቴ የቆዩ ሰዎች ሂፖካምፐስ በአማካይ አነስ ብሎ ተገኝቷል። አነሰ ማለት ግን ሞተ ማለት አይደለም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ነገር ልማድ ነው። ልጅ ሳለሁ እህል ጭነን ወፍጮ ቤት የምንነዳት አህያ ነበረችን። አንድ ቀን አባቴ በዚያው መንገድ ወደ ገበያ ሲነዳት፣ መገንጠያው ላይ ስትደርስ ማንም ሳያዛት ታጥፋ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመች። እንቢተኛ ሆና አይደለም፤ መንገዱን ስላወቀችው ነው። ካናዳዊው ተመራማሪ ዶናልድ ሄብ በ1949 ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ደጋግመው አብረው የሚሠሩ የነርቭ ሕዋሳት ግንኙነታቸው እየጠነከረ ይሄዳል። «አይሳካልኝም» የሚለውን ሺህ ጊዜ ያመላለሰ አንጎል፣ ሺህ አንደኛውን ጊዜ ራሱ ታጥፎ ይገባል።

ጥያቄ (ሱቅ ያላት እናት)፦ ቀኑን ሙሉ አሥር ሰው ሲያመሰግነኝ ውሎ፣ ሌሊት የሚመጣብኝ ክፉ የተናገረኝ አንዱ ብቻ ነው። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ምንም አልሆኑም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን። ልጡን እባብ መስሎት የሮጠ ሰው የከሰረው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እባቡን ልጥ ነው ብሎ የረገጠው ግን ልጅ ሳይተካ ቀርቷል። እኛ የሯጮቹ ልጆች ነን፤ አንጎላችን ክፉውን አጥብቆ፣ ደጉን ላላ አድርጎ ይይዛል። ሌሊት የሚብሰው ደግሞ ሥራ ሲፈታ አንጎል ስለማይተኛ ነው። እጃችን ሥራ ሲያጣ ስለ ራሳችን፣ ስላለፈውና ስለሚመጣው የሚያወጣና የሚያወርድ የአንጎል መረብ አለ፤ ማርከስ ሬይክል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ2001 ስም አውጥተውለታል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንን መረብ የሚያቋርጠው ነገር የለም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት የደረሱበትን ፍርድ አይመኑት። የኔም በዚያ ሰዓት ትክክል ሆኖ አያውቅም።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ላለማሰብ ስታገል ይብስብኛል።

መልስ፦ ይብስብሃል እንጂ! በ1987 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ደውሉ» አሏቸው። ደወሉ ተደወለ። ከዚያ ክልከላው ሲነሣ፣ ተከልክለው የነበሩት ካልተከለከሉት ይበልጥ ስለ ድቡ አሰቡ። እዚህ ጎጃም ብንሠራው ነጭ ጅብ ማለት ሳይኖርብን አይቀርም፤ ውጤቱ ግን አይለወጥም። ሐሳቡን ከማባረር ይልቅ ስም ስጠው፦ «ይኸው፣ የመውደቅ ፍርሃቴ መጣ» በል። ስሜትን በቃል መጥራት የአሚግዳላን እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ በአንጎል ምስል ታይቷል። ስም ከሰጠኸው በኋላ እጅህን ወደ ሥራ መልስ።

ጥያቄ፦ በ21 ቀን አስተሳሰብን መቀየር ይቻላል ይላሉ፤ አንቺስ?

መልስ፦ እኔ አልልም። ቁጥሩ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ታካሚዎቹን አይቶ በ1960 ከጻፈው የተቀዳ ነው፤ እሱም ቢሆን «ቢያንስ 21 ቀን» ነው ያለው። ለንደን ውስጥ አዲስ ልማድ የጀመሩ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አማካዩን 66 ቀን አግኝቶታል፤ ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። የ21 ቀኑን ወሬ የምጠላው ሰው በ22ኛው ቀን «እኔ አልረባም» ብሎ እንዲተኛ ስለሚያደርግ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን እናድርግ? በእጃችን የምንይዘው ነገር ንገሪን።

መልስ፦ አንዲት ጤፍ ነጋዴ ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ እንዳወራው ፈቅዳልኛለች። ልጇ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው፤ ስልክ ካላነሣ ሞቷል ብላ ታስባለች። ከዱቤ ደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፊ አልኳት። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ስልክ አላነሣም። ሞቷል ብዬ አሰብኩ። ሆዴ ተገለበጠ።» ከሥር «ማስረጃ» ብላ አሰመረችና ብዙ ቆየች። ከዚያ «በዚህ ወር ስድስት ጊዜ አላነሣም። ስድስቱንም ባትሪ አልቆበት ነበር» ብላ ጻፈች። ባዶ ተስፋ አልጻፈችም፤ «ምንም አይሆንም» የምትል ቃል ገጹ ላይ የለችም። ዱቤ እንደምትቆጣጠር ሁሉ ሐሳቧን ተቆጣጠረችው። አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ የጀመረው ሕክምና ዋና ሥራው ይኸው ነው፦ ሐሳቡን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ክስ ይዞ ምስክሩን መጠየቅ።

ጥያቄ (አንዲት ወጣት)፦ መንገድ ይዘጋል፣ ተኩስ ይሰማል። ይህንንም «ሐሳብሽን ቀይሪ» ልትዪኝ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ተኩስ ሰምቶ የሚደነግጥ አንጎል ጤነኛ ነው፤ ምስክሩ ራሱ ጆሮሽ ነው። እኔም እፈራለሁ። ለእውነተኛ ስጋት የሚያስፈልገው ዕቅድ ነው፦ የት እንገባለን፣ ማንን እንጠራለን፣ የእናቴ መድኃኒት ለስንት ቀን ይበቃል? ዕቅዱ ካለቀ በኋላም ሲመላለስ የሚያድረው ሐሳብ ግን የሚጨምረው መረጃ የለም። ያኔ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፤ አወጣጡን ከአገባቡ አርዝሚው። ወሬውንም በቀን ሁለት ጊዜ ስሚው እንጂ በየደቂቃው ስልክ አትክፈቺ።

ጥያቄ (አንድ ገበሬ)፦ ወንድሜ ከመኝታው አይነሣም። «ሲሻለኝ እነሣለሁ» ይላል።

መልስ፦ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲነሣ ነው የሚሻለው። ድባቴ የያዘው ሰው ፍላጎት እስኪመጣ ከጠበቀ አይመጣለትም፤ እጅ ቀድሞ ሲሠራ ፍላጎት ይከተላል። ወንፈል ስትወጡ ጥሩት። ሙሉ ቀን እንዲያጭድ አይደለም፤ ውኃ ያቀብል፣ አንድ ነዶ ይሸከም፣ አብሯችሁ ይብላ። በማግስቱም ደግሙት። ደግሞ «አይዞህ፣ በርታ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ ያ ቃል ለብቻው ሲመጣ ይከብዳል። አረቄ እንዳትቀዱለት፤ ለሌሊቱ ያቀለለ ይመስልና ጠዋቱን ያብሳል። ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ውሰደው። መሞትን ከተናገረ ግን በዚያው ቀን፤ ለብቻው አትተዉት።

ጥያቄ፦ ጠበል እየተጠመቀ መድኃኒት ይወስዳል?

መልስ፦ ይወስዳል። ጠበሉን አልከለክልም፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ሕመሙ ሲያገረሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጥያቄ (የእድሩ ሽማግሌ)፦ ልጄ፣ እኔ ሰባ አልፎኛል። የኔ አንጎል አሁን ይለወጣል?

መልስ፦ ይለወጣል፣ አባቴ። በ2011 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን ለ40 ደቂቃ ያህል እየተራመዱ ዓመት ቆዩ። ያ ቅድም ያነሣሁት ሂፖካምፐስ 2 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ ብቻ በቆዩት ላይ ግን ቀነሰ። እርስዎ ደግሞ ለማስቀደስ በእግርዎ እንደሚመላለሱ አውቃለሁ። ያንን አይተዉ፤ ልጆች በባጃጅ እንውሰድዎ ሲሉም እሺ አይበሉ።

ጥያቄ (እሳቸው ራሳቸው፣ እየሳቁ)፦ ያቺ አህያችሁስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?

መልስ፦ ሌላ ወፍጮ ቤት በሌላ አቅጣጫ ተከፈተ። አባቴ ቀድሟት እየሄደ መገንጠያው ላይ ይቆም ነበር፤ አይመታትም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆመ። ከዚያ አዲሱን መንገድ ለመደችው። ጭነት ሲከብዳትና ሲመሽ ግን አንዳንዴ ወደ አሮጌው ትዞር ነበር፤ ያኔ አባቴ እንደገና ቀድሟት ይሄዳል።