ሆድ መነፋቱ አልለቅ ሲል

ሰሞኑን ስለ ኦቫሪ ካንሰር የጻፋችሁልኝ በዛችሁ። ኦቫሪ ማለት ከማህፀን ግራና ቀኝ ያለው፣ የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል ነው። አራቱን ልመልስ።

«እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ሆዷ ይነፋል፣ ሁለቴ ጎርሳ ጠገብኩ ትላለች። ሦስት ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጣት፣ ለውጥ የለም። ጎረቤት ደግሞ ‹ወፍረሽ አማረብሽ› ይላታል።» (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ‹አማረብሽ› የሚሉት ነው። ፊቷና ክንዷ እየከሳ ሆዷ ብቻ ከገፋ ውፍረት አይደለም፣ ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። የዚህ በሽታ ክፋቱ ምልክቱ ተራ መሆኑ ነው፦ ሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት። ማን የማይነፋ አለ? እኔም ሽሮ በልቼ ባደርኩ ቁጥር እነፋለሁ፣ ግን መጥቶ ይሄዳል። አዲስ የጀመረና በወር ከ12 ቀን በላይ የሚመላለስ ሲሆን፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት፣ አራተኛ የጨጓራ መድኃኒት ሳይሆን አልትራሳውንድ ነው የሚያስፈልጋት። ስትሄዱ «ሆዷን ያማታል» ብቻ ብለሽ አትመለሺ። መቼ እንደጀመራት፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያማት፣ ቀሚሷ ወገቧ ላይ መቼ እንደጠበበ ጽፈሽ ያዢ፤ «ኦቫሪዋ ይታይልን» ብለሽም በግልጽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም። አብሽሪ ደግሞ፣ ውሃ ቢገኝ እንኳ መነሻው ጉበት ወይም የሆድ ቲቢ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ግን በምርመራ ይለይ እንጂ በግምት መድኃኒት አይጀመር።

«የማህፀን በር ጫፍ ምርመራ አድርጌ ነፃ ነሽ ተባልኩ። ከዚህኛውም ነፃ ነኝ ማለት ነው?» (ከኮምቦልቻ)

አይደለም። ያ ምርመራ የማህፀንን በር ነው የሚያየው፣ ኦቫሪ ድረስ አይዘልቅም። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው ክትባትም ለማህፀን በር ነው። ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ኦቫሪን በየጊዜው የሚፈትሽ አስተማማኝ ምርመራ እስካሁን የለም። ሲኤ 125 የሚሉትን የደም ምርመራ ብቻውን አትመኚው፤ በወር አበባም፣ በእርግዝናም፣ በቲቢም ይጨምራል፣ በሽታው ገና ሲጀምር ደግሞ ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

«29 ዓመቴ ነው። 3 ሳንቲሜትር ውሃ የቋጠረ ሲስት አለሽ አሉኝ። እንቅልፍ አጣሁ።» (ከፒያሳ፣ ደሴ)

ተኚ። ሲስት ማለት ኦቫሪ ላይ የሚወጣ ትንሽ ከረጢት ነው። ባንቺ ዕድሜ ውሃ ብቻ የያዘ ትንሽ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ ከወር አበባ ዑደት ጋር የሚመጣ ነው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ድንገት ከባድ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣብሽ ግን ኦቫሪው ተጠማዞ ሊሆን ስለሚችል ሌሊት ነው ቀን ነው ሳትዪ ሆስፒታል ሂጂ።

«የሚስቴ እናት በጡት፣ አክስቷ በኦቫሪ ካንሰር አረፉ። ነገሩ በዘር ይሄዳል ሲሉ ሰማሁ። ላስጨንቃት አልፈልግም፣ ልንገራት?» (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ እናቷንም አክስቷንም የቀበረችው እሷው ናት፣ ምኑን ትደብቃታለህ? ሁለቱ ካንሰሮች በአንድ ቤተሰብ ሲታዩ አንዳንዴ የሚወረስ የዘረ መል ጉድለት ይኖራል። ጉድለቱ በአባት በኩልም ይተላለፋል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ሐኪም ጋ አብራችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ሟቾቹ በስንት ዓመታቸው እንደታመሙና አክስቷ በእናት ትሁን በአባት ነው፤ አንተም አልጻፍክልኝምና ቡና ላይ ትልልቆቹን ጠይቁ።