«ናፍቆት» ወይስ «ትዝታ»? «ተቀረጸ» ወይስ «ተበላ»?

ጥያቄ፦ ስለ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሳሙኤል ፓልመር የገጠር ኤቺንጎች (መዳብ ላይ በአሲድ ተሠርተው ወረቀት ላይ የሚታተሙ ሥዕሎች) እየጻፍኩ ነው። የሥዕሎቹን ስሜት «ናፍቆት» ልበለው ወይስ «ትዝታ»? «በመዳብ ላይ ተቀረጸ» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ሁለቱን እያቀያየሩ መጻፍ ተለምዷል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። «ያላየሁት አገር ትዝ አለኝ» ያለ ሰው ይሳቅበታል። «ያላየሁት አገር ናፈቀኝ» ቢል ማንም አያርመውም። «ናፈቀ» በግእዝ መከፈልን፣ መጠራጠርን ያሳያል፤ «መናፍቅ»ና «ኑፋቄ» ከዚያው የወጡ ናቸው። ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው ናፋቂ ቢባል አይደንቀኝም።

ፓልመር ከ1826 እስከ 1830ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ኬንት ውስጥ፣ ሾርሃም በምትባል መንደር ኖሯል። «ደወል ደዋዩ» የተባለው ኤቺንጉ የታተመው በ1879፣ ሠዓሊው ሰባዎቹን ሲያጋምስ ነው። ሐሳቡ ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ከሚልተን ግጥም ቢነሣም፣ ሰውየው ሲመሽ ደወሉን እየመታ የሚያልፍባት መንደር ሾርሃም ናት። ይህ ትዝታ ነው። ሥዕሉን ገዝቶ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው፣ ጭስ ውስጥ ተወልዶ ያደገ የለንደን ሰው ግን ምን ትዝ ይለዋል? የእሱ ናፍቆት ነው። ስለዚህ ስለ ማን እንደሚጽፉ አስቀድመው ይወስኑ።

ወደ «ቀረጸ» ስመጣ ክርክር አለኝ። ግእዙ በስለት መፋቅንና መቁረጥን ነው የሚለው፤ ታቦት ይቀረጻል፣ እርሳስም ይቀረጻል። (በ«ጸ» ነው፤ «ፀ»ን ለ«ፀሐይ»ና ለ«ፅንስ» ይተዉላቸው።) በኤቺንግ ግን መርፌው መዳቡን አይቆርጥም። ዝርጉ መዳብ ከቅባት ይጸዳል፣ ሞቅ ተደርጎ ከሰም፣ ከሬንጅና ከሙጫ የተሠራ ልባስ ይቀባል፣ በጧፍ ጭስ ይጠቁራል። መርፌው የሚፍቀው ይህን ልባስ ብቻ ነው፤ መዳቡን የሚበላው ውሃ የገባበት ናይትሪክ አሲድ ነው። መስመሩ ላይ የሚቋጠረው አረፋ በላባ ካልተጠረገ መስመሩ ይዥጎረጎራል። ቅባቱ በደንብ ካልለቀቀ ደግሞ ልባሱ ይነሣና አሲዱ መርፌ ያልነካውን ሥፍራ ሁሉ ይጎደጉደዋል። የሰማዩ ቀጭን መስመር ቶሎ በቫርኒሽ ይደፈናል፤ የጥላው መስመር እየተደጋገመ አሲድ ውስጥ ይገባል። የፓልመር ምሽት ብርሃን የሚያገኘው በጥቅጥቁ መስመር መሀል ከተተዉት ጥቃቅን የነጭ ወረቀት ነጥቦች ነው። እኔ ብጠየቅ «በአሲድ የተበላ» እላለሁ፤ ብረትንስ ዝገት በላው እንል የለ?

«ድምፅም ይቀረጻል፤ ስለቱ የት አለ?» የሚሉ አሉ። መልስ የሚያሳጣ ክርክር ነው፤ ከ«ድምፅ ቀረጻ» ወዲህ ግሡ ስለቱን ጥሏል። «በአሲድ የተበላ» ሲባል የተበላሸ ዕቃ ይመስላል ማለታቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። እሺ፣ «ተቀረጸ» ይበሉ። ነገር ግን መዳብን በቀጥታ በስለት ቆርጦ የሚሠራው ሥዕልም በዚሁ ግሥ ስለሚጠራ፣ ሁለቱ አብረው በተነሡበት ቦታ «በአሲድ» የምትለዋን አይጣሏት። ከሥዕሉ ሥር ለሚቀመጠው መግለጫ «ኤቺንግ» ብቻውን ይበቃል፤ ቃሉ ባይጥመኝም ገብቷል።